በግራዬ የቆመው ወንድሜ

ዓይን ታመመ ሲባል ሰው የሚጠብቀው መቅላት፣ ማሳከክ፣ ዕንባ ወይም ብዥታ ነው። የኔ ሕመም አንዱም አልነበረበትም። የጀመረው በጥል ነው፤ ያውም ከገዛ ወንድሜ ጋር፣ ያውም ሳልጣላው።

በመንዝ፣ ከሞላሌ ብዙም በማይርቅ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የማገለግል ቄስ ነኝ። ገብስ አርሳለሁ፣ በግ አረባለሁ፣ በሰንበትና በበዓል እቀድሳለሁ። ታናሽ ወንድሜ ተሰማ ከኔ ቤት ቁልቁል ወረድ ብሎ ይኖራል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ መስቀል ሊሳለም ሲከበኝ፣ ተሰማ በግራዬ በኩል ቀርቦ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ አሉ። “አሉ” የምለው እኔ ስላላየሁት ነው። መስቀሉን በቀኜ ለቆመችው ሴት ሰጠሁ፣ ከሷ ኋላ ላለውም ሰጠሁ፣ ከዚያ ዞሬ ሄድኩ። ተሰማ እንደጎነበሰ ቀረ፤ ሕዝቡም አየው።

በኛ አገር መስቀል መንፈግ ቀላል ነገር አይደለም። ቄስ መስቀሉን የነፈገው ሰው ወይ ትልቅ ነውር ሠርቷል፣ ወይ ቄሱ ቂም ይዞበታል። በዚያው ሰሞን በአባታችን መሬት ድንበር ላይ ሁለት ሦስት ቃል ተለዋውጠን ስለነበር፣ ተሰማ ምክንያት ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ሽማግሌዎች ገቡ። እኔም የማውቀውን ብቻ ተናገርኩ፤ አላየሁትም አልኩ።

“አንድ ክንድ ላይ ቆሜ!” አለ ተሰማ ለሽማግሌዎቹ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። “በጉን ከማዶ ተራራ ላይ የማን እንደሆነ ይለያሉ፤ እኔን አጠገብዎ ቆሜ አላዩኝም? ከበግ አነስኩ?”

ነገሩ እውነት ነው። ማዶ ያለውን በግ እለይ ነበር። ፊት ለፊቴ ያለውን ሁሉ ጥርት አድርጌ ነበር የማየው፤ መጽሐፉን ያለ ችግር አነብ ነበር። ቄስ ባልሆን ኖሮ በማልኩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና፣ ለነገሩ ማብረጃ ያህል አስተቃቀፉን። ታርቀዋል ተባለ። እኛ ግን አልታረቅንም።

ከዚያ ወዲህ “ቄሱ ኮሩ” የሚል ወሬ ተነሣ። ገበያ ላይ እጁን ዘርግቶልኝ ያለፍኩት ሰው ተገኘ። የበሩ መቃን ግራ ትከሻዬን ይመታኝ ጀመር። ባለቤቴ አስካለ ውሃ በኩባያ አጠገቤ ታስቀምጣለች፣ እኔ ደግሞ “ኧረ ውሃ ስጪኝ” እያልኩ እጣራለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ተቆጣች። በሦስተኛው ግን ተጠጋችኝ። ኩባያውን አንሥታ፣ ከግራዬ ወደ ፊቴ ቀስ እያደረገች እያመጣች ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች።

“እዚህ ጋ ሲደርስ ነው የሚያዩት” አለችኝ፤ ኩባያው አፍንጫዬ ፊት ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው። “አንቱ፣ ይኼ ኩራት አይደለም። ዓይን ነው።”

ተሳሳትሽ አልኳት። ሰው ማየት ሲያቅተው ጨለማ ያያል ብዬ ነበር የማስበው። የኔ ግን ጨለማም የለው፣ ጥላም የለው፤ በግራዬ በኩል ያለው ዓለም ዝም ብሎ የለም። የሌለ ነገር ደግሞ እንዴት ጎደለኝ ይባላል?

ከዚህ በኋላ የደረሰብኝን ስናገር የጤና ጣቢያውንም፣ የክሊኒኩንም፣ የሆስፒታሉንም ስም አልጠራም። አንዱን ብጠራ ሌሎቹ ነጻ የወጡ ይመስላቸዋል።

ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ፊት አቆመኝ። ምልክቶቹን ከላይ እስከ ታች አንድ ሳልስት ነገርኩት። ባለሙያው ሳቀ። “አባ፣ እርስዎማ ከኔ ይበልጥ ያያሉ!” አስካለ “በጎን በኩል እኮ ነው…” ብላ ስትጀምር፣ “እናቴ፣ ዓይናቸው ደህና ነው” ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ያ ወረቀት የሚለካው ፊት ለፊት የሚታየውን ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ የነገረኝ አልነበረም።

የግል ክሊኒኩ ደግሞ በባትሪ አየኝና የዓይን ሞራ ጀምሮዎታል አለኝ። “ገና ነው። ሲበስል ይገፈፋል፤ እስከዚያ ይታገሡ።” መነጽር ሸጠልኝ። ሲበስል! ገብስ እንኳ ሲበስል መልኩ ይለወጣል፣ ራሱን ይደፋል። የኔ ሞራ መብሰሉን በምን ልወቅ? እሺ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ መኸር አለፈ፣ ሌላ መኸር ተከተለ፤ እኔ ሞራዬ እስኪበስል እጠብቃለሁ። ዛሬ ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። የሞራ ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ መጠበቁ ብዙ አይጎዳም ነበር፤ ሞራ ሲገፈፍ ብርሃን ይመለሳል። የኔው በሽታ የወሰደውን የሚመልስ አይደለም። እኔ በትዕግሥት የጠበቅሁት፣ ዓይኔ በትዕግሥት እስኪያልቅ ነበር።

ጥበቃዬ ያበቃው ጓሳው፣ ተጠብቆ የሚቆየው የጋራ ሣር ቦታችን፣ ለአጨዳ የተከፈተ ጊዜ ነው። ከጎረቤቶች ጋር ሣር አጭጄ፣ ሸክሜን በጀርባዬ አዝዬ ስመለስ፣ መንገዱ በግራ በኩል የተናደ መሆኑን ሌላው ሁሉ ሲያይ እኔ አላየሁም። እግሬ አየር ረገጠ። ተንከባለልኩና ሸክሙ ከታች ሆኖ ተቀበለኝ፤ ያ ሣር ባይኖር ወገቤ ተሰብሮ ነበር። ሰዎቹ እየጎተቱ ሲያወጡኝ አንዱ “አባ፣ ምነው ገደሉን አላዩትም እንዴ?” አለኝ። ገደልም ቂም የያዝኩበት ሊመስለው ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ሳምንት ሁለት በግ ሸጠን ከአስካለ ጋር ወደ ከተማ ወረድን።

የሆስፒታሉን ደጅ ጥናት ያየ ያውቀዋል። መጀመሪያ ካርድ፣ ከዚያ “ነገ ይምጡ”፣ ነገ ሲሆን “የመሣሪያው ባለሙያ ዛሬ አልገባችም”። አግዳሚው ላይ የተቀመጥነው ሁላችንም ዓይናችንን ታመን ሳለ፣ ተራ የሚጠራው በር ላይ በሚለጠፍ ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያነባል። የሁሉንም ስም የማነበው እኔ ሆኜ አረፍኩት፤ ሰዉም “እርስዎ ደግሞ ምን ሊሆኑ መጡ?” እያለ ይጠይቀኛል።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር ድካም ይታያል። የዓይኔን ግፊት ለካች፣ በመሣሪያ ወደ ውስጥ አየች፣ ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ላከችኝ። መጋረጃ የተጋረደበት ጨለማ ክፍል ነው። አገጬን አስደግፈው እጄ ላይ አንዲት ቁልፍ ሰጡኝ። መሐሉን ብቻ እያየሁ፣ የትም ቦታ ብልጭ የሚል ብርሃን ባየሁ ቁጥር ቁልፏን እንድጫን ተነገረኝ። አንድ ሁለት ብልጭታ አየሁና ተጫንኩ። ከዚያ ጠበቅሁ። ምንም የለም። መሣሪያው ያጉረመርማል፣ እኔ እጠብቃለሁ።

“ልጄ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?” አልኳት ባለሙያዋን።

 “አልጠፋም፣ አባ” አለች። “እየበራ ነው።”

የዚያን ሰዓት ስሜቴን ልደብቀው አልሻም። ፈራሁ። ከገደሉ ይበልጥ ፈራሁ። እየበራ ያለ ብርሃን፣ ፊቴ ላይ፣ እኔ የማላየው!

ሐኪሟ ስሙ ግላኮማ ነው አለችኝ። ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመነጭ ውሃ አለ፤ ገብቶ ደግሞ የሚወጣበት መውረጃ አለው። መውረጃው ሲደፈን ውሃው ይጠራቀምና ከኋላ ያለውን፣ ያየነውን ወደ አእምሮ የሚያደርሰውን ነርቭ ይጫነዋል። ይህ ለመንዝ ገበሬ አይጠፋውም፤ ቦዩ የተደፈነ ማሳ ላይ ያለ ገብስ ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ሥሩ እንደሚበሰብስ አውቃለሁ። አያምም፣ አይቀላም፣ ከዳር ጀምሮ እየበላ ይመጣል። የግራው ዓይኔ ብዙው ተበልቷል። የቀኙም ተነካክቷል።

“የጠፋው አይመለስም” አለችኝ። “የቀረውን ግን ማትረፍ እንችላለን። ይህን ጠብታ ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜዎን ሙሉ። በቤተሰብዎ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር?”

“አባቴ በእርጅና ነው የጠፋባቸው” አልኩና አፌ ላይ ቀረ። አባቴ በበትር የሄዱት ዛሬ እኔ ባለሁበት ዕድሜ ነበር። ሁላችንም እርጅና ብለን ስም አውጥተንለት ነው እንጂ።

“ወንድም እህት ካለዎት ምንም ሳይሰማቸው ይምጡ” አለች። “እርስዎ ዘግይተዋል፤ እነሱ ላይዘገዩ ይችላሉ።”

ተሰማ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። አስካለ ሄዳ ስትነግረው፣ “አሁን ገባኝ! መስቀል ሲነፍጉ ዓይን ታመሙ ይባላል፤ ደግሞ እኔንም ሊያሳምሙኝ!” አላት። “እኔ ንስር ነኝ” ብሎም ጨመረ።

ጠብታውን ስታዝ ሐኪሟ “ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ” ብላኝ ነበር። “መንዝ ነው የምኖረው” አልኳት፤ በዚያ ቀን የሳቅነው በዚህ ብቻ ነው። ማስቀመጡስ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ጠብታውን ዓይኔ ላይ ሳደርግ ጥቂት ቆይቶ ጉሮሮዬን ይመረኛል። ዓይኔ ውስጥ የገባ ነገር አፌ ድረስ ይወርዳል ማለት ነው።

ቄስ ያልሆነ ሰው ይህ ምን እንደሚያስጨንቅ ላይገባው ይችላል። የሚቀድስ ቄስ ከዋዜማው ጀምሮ ወደ አፉ ምንም አያስገባም፤ ውሃም ቢሆን። እኔ ደግሞ ጉሮሮዬ እየመረረኝ ቀመስኩ እንጂ አልቀመስኩም ልል አልቻልኩም። ሌላ ምእመን ቢጠይቀኝ መልሱን አላጣውም ነበር፤ መድኃኒትህን ውሰድ፣ አገልግሎቱ ይቆይህ እለው ነበር። ግን በኛ ቤተ ክርስቲያን ያለነው ሁለት ቄሶች ብቻ ነን። አንዱ ከቀረ ቅዳሴ የለም። ስለዚህ የቀረው ጠብታው ነው። የቅዳሴ ቀን ዋዜማ ማታ አልጨምርም፣ ጠዋትም አልጨምርም። ሁዳዴ ሲገባ ጨርሶ ተውኩት። ፍልሰታም እንዲሁ። በመሐሉ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒቱ የጠፋበት ጊዜም ነበር፤ ያን ጊዜ ማንንም አልወቀስኩም።

በሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ ላይ፣ ለቀጠሮ ያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ዘመኑ የኛ ጾምና የእስላሞቹ ጾም የገጠመበት ነበር። አጠገቤ ከቆላው በኩል ካለ ከተማ የመጡ ዘሃራ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ተቀምጠዋል፤ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናቸው። ጾማችንን አወጋን፤ እሳቸው ጥማቱን፣ እኔ ደግሞ መቆሙን። ከዚያ ከቦርሳቸው ጠብታ አውጥተው ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ የኔው ዓይነት ነው።

“ጾም አይደሉም እንዴ?” አልኳቸው ደንግጬ። “ጉሮሮ ይገባል እኮ!”

“ወላሂ እኔንም እንዲህ አስጨንቆኝ ነበር” አሉ። “ሸሁን ጠየቅሁ፣ ነርሷንም ጠየቅሁ። ዕንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድባት ቀዳዳ እዚህች ጋ ናት አለችኝ።” ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፍንጫቸው በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣታቸው ጫን አድርገው ያዙ። “ፋቲሓን ደጋግሜ ቀስ ብዬ እስክቀራ እይዛታለሁ። አይወርድም፣ አይመርም፤ መድኃኒቱም እዚያው ዓይን ውስጥ ይቀራል። እርስዎም በርስዎ ጸሎት ይለኩት።”

የራሴን ጠብታ አውጥቼ እዚያው ሞከርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥጓን ይዤ፣ አቡነ ዘበሰማያትን ደጋገምኩ። ምራቄን ዋጥኩ። ጠበቅሁ። አልመረረኝም።

መደሰት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ነደድኩ። በአንዲት ጣት የሚዘጋ ነገር! ሁለት ሁዳዴ፣ ስንት ሰንበት፣ ስንት ዋዜማ!

ሐኪሟ ዘንድ ስገባ ግፊቱ ወጥቶ ነበር። ምርመራውም የቀኙ ዓይኔ ዳርቻ መጥበቡን አሳየ። “ጠብታውን በደንብ ይጠቀማሉ?” አለችኝ።

“ከቅዳሴ ቀን በቀር።”

“ቅዳሴ መቼ መቼ ነው?”

ሰንበቱን፣ የወር በዓላቱን፣ ሁዳዴውን፣ ፍልሰታውን ስዘረዝርላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የዓይንን ጥግ በጣት የመያዙን ነገር ጠየቅኋት። “አዎ፣ ትክክል ነው” አለች። “እንደዚያ ነው የሚደረገው።”

“ታውቂው ነበር? ታዲያ ምነው አልነገርሽኝም?”

“እርስዎስ ምነው አልጠየቁኝም፣ አባ?”

“የማላውቀውን እንዴት ልጠይቅ!”

ድምፄ ከፍ አለ። አልተቆጣችም። በሩን ከፈት አድርጋ ደጅ የተኮለኮለውን ሕዝብ አሳየችኝ፤ ሁሉም ዓይኑን የሸፈነ፣ የተመረኮዘ፣ በሰው የሚመራ። “ይህን ሁሉ ዛሬ አያለሁ” አለች። ገባኝ። መግባቱ ግን ንዴቴን አላወጣልኝም፤ ዛሬም አላወጣልኝም።

ስመለስ ለንስሐ አባቴ፣ ለዚያው አብረውኝ ለሚቀድሱት አረጋዊ ቄስ ነገርኳቸው። “ወደ አፍ ካልወረደ ምን ክርክር አለው?” አሉኝ። “ቢወርድስ? ብትነግረኝ ኖሮ ከጎረቤት ደብር አንድ ቄስ እንለምን ነበር። ሰው ይህን ለብቻው ይሸከማል?” ቄስ መለመን! እንደዚህ ቀላል ነበር። የዚያን ዕለት ከበጎቹ ጋር ብቻዬን ሆኜ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ግፊቱ ወርዷል። ሰው “ተሻለዎት?” ሲለኝ ምን እንደምመልስ ይቸግረኛል። በዚህ በሽታ መዳን ማለት ባለበት መቆም ነው። ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር ስሙኝ፦ ጥርት አድርጋችሁ ማየታችሁ ዓይናችሁ ደህና መሆኑን አይነግራችሁም። በቤታችሁ “በእርጅና” ዓይኑ የጠፋ ሰው ካለ ግፊታችሁን ተለኩ። መድኃኒቱ ከጾም፣ ከሥራ፣ ከምንም ነገር ጋር ቢጋጭባችሁ፣ ሳትተውት ጠይቁ፤ ሐኪሙንም ጠይቁ፣ አግዳሚው ላይ ያለውንም ጠይቁ።

የተሰማ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በተላከበት ቁጥር “ንስር ነኝ” ይላል። በመጨረሻ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ጠራሁ።

“ወንድሜን ይቅርታ እጠይቃለሁ” አልኳቸው። “ሕዝቡ ባየበት ቦታ፣ ሕዝቡ እያየ። ካሳ ግን እፈልጋለሁ።”

“ጥፋተኛ እርስዎ ሆነው ካሳ ይጠይቃሉ?” አሉ አንደኛው።

“እጠይቃለሁ። ዓይኑን ይታይልኝ።”

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆምኩ። ተሰማ የት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አንገቴን ሳይሆን መላ ሰውነቴን ወደ ግራ አዞርኩ፤ እዚያ ነበር፣ ባርኔጣውን ይዞ። ባልሠራሁት ጥፋት ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አንጀቴ እያረረ። መስቀሉን ተሳለመ። “እሺ፣ እሄዳለሁ” አለ። “ደህና ነህ ሲሉኝ ግን ያፍራሉ።”

ደህና ነህ አላሉትም። ግፊቱ ከኔው የመጀመሪያ ቀን ብዙም አያንስም ነበር። ፊቱ ዐመድ መሰለ። “ምንም አይሰማኝም እኮ” ይላል ደጋግሞ። ወደ ጨለማው ክፍል አስገቡት፤ እኔ ከመጋረጃው ውጭ ተቀመጥኩ። መሣሪያው ማጉረምረም ጀመረ። እኔም ያንን የኔን ዝምታ ጠበቅሁ።

ጠቅ አለ። ቀጥሎ ጠቅ፣ ጠቅ። ትንሽ ዕረፍት፣ ከዚያ ደግሞ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ቁልፏ አላረፈችም። በእያንዳንዱ ጠቅታ ወንድሜ እኔ ያላየሁትን ብርሃን እያየ ነበር፤ በቀኝም፣ በግራም፣ በዳርም። ደስታው ደረቴን ሞላው፤ ከደስታው ሥር ደግሞ ለራሴ የቀረብኝ ነገር ንዴት ነበር። ሁለቱም አንድ ላይ ወጡና በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ።

“ምን ዓይነት ዕቃ ነው፣ ፋታ አይሰጥም!” እያለ ወጣ።

ሐኪሟ በጊዜ ነው የደረሰው፣ ገና ምንም አልጠፋበትም አለች። ጠብታ ታዘዘለት። ጥጓን እንዴት እንደሚይዝ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ማንም እስኪጠይቅ አልጠበቅሁም።

ወደ መናኸሪያ ስንሄድ አስፋልቱን መሻገር ነበረብን። መኪናው ከግራ በኩል ይመጣል። በቀኜ ሲሄድ የነበረው ተሰማ፣ አንገቴን ለማዞር ስዘጋጅ እዚያ አልነበረም። በግራዬ በኩል እጅ መጥቶ ክንዴን ጨበጠ።

“በዚህ በኩል እኔ አለሁ” አለ። “ዝም ብለው ይራመዱ።”

አላየሁትም። ተራመድኩ።